ማስተካከያ፦ የአሜሪካ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሬዚደንሲ 7 ዓመት ነው

ባለፈው ጽሑፌ በአሜሪካ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንሲ (ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ የሚወሰድ የስፔሻሊስት ሥልጠና) 6 ዓመት ነው፣ ሲመረቁም የቦርድ ሰርተፍኬቱ (የሙያው ፈታኝ ቦርድ የሚሰጠው የስፔሻሊስትነት ማረጋገጫ) አብሮ ይሰጣል ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ነው። ይቅርታ።

ሥልጠናው 7 ዓመት ነው፤ 84 ወር። የኢንተርንነቱ ማለትም የመጀመሪያው ዓመት እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ብዙ ሰው በላዩ ስለሚደምረው ልብ በሉ።

ሰርተፍኬቱ የሚመጣው ከምረቃ በኋላ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን ሬዚደንት ሳሉ ያልፋሉ። ከዚያ ሐኪሙ ሥራ ይጀምራል፣ በራሱ እጅ የሠራቸውን ቀዶ ሕክምናዎች መዝግቦ ለቦርዱ ያቀርባል። ቀጥሎ የቃል ፈተና አለ፤ ከፊሉ ስለነዚያው ስለራሱ ታካሚዎች ይጠይቃል። እናም አዲስ ተመራቂ ገና የቦርድ ሰርተፍኬት የለውም ሲባል፣ ሥልጠናው ጎድሏል ማለት አይደለም።