ይድረስ ለክቡር ታኮ ድንጋይ

ጉዳዩ፦ አስፋልት መሀል ተቀምጠው ስለሚሰጡት አገልግሎት

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ፀሐዩ፣ ዝናቡ፣ የናፍጣው ጭስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ከጎማዬና ከክብሬ በስተቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት አላስታወሱኝ ይሆናል፤ በቀን ስንቱን ያስተናግዳሉ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ ከሰርቦ ወደ ጅማ፣ ነጭ ቪትዝ፣ የፊት ቀኝ ጎማ። አዎ፣ እሱ ነኝ።

የተሾሙበትን ቀን አላየሁም፤ መገመት ግን አያቅተኝም። ጭነት መኪና ዳገት ላይ ይበላሻል፣ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና እርስዎን ከቦይ አንስቶ ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጥዎታል። መኪናው ይጠገናል፣ ረዳቱ ተንጠልጥሎ "ሳበው!" ይላል። እርስዎ እዚያው። ዝውውር የለ፣ ጡረታ የለ። ወንበሩን እንደርስዎ የሙጥኝ ያለ ቀበሌ ውስጥ እንኳ አላየሁም።

"ጧ!" አለ፤ ሰምተውታል። ከጎኔ አማቴ ነበሩ፣ አሰንዳቦ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ። "ምንድን ነው ልጄ?" "ምንም አይደል እማማ፣ 5 ደቂቃ ነው።" ይህችን 5 ደቂቃ ይያዙልኝ።

ዳሩ ቦይ ስለሆነ መኪናዋ ግማሽ ጎኗ አስፋልቱ ላይ ቀርቷል። ክሪኩን አውጥቼ አነሳኋት። ቡሎኑን ልፈታ ስል ጎማው አብሮኝ ይዞራል። ከብት የሚነዳ፣ 10 ዓመት ያልሞላው ልጅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና "ጋሼ፣ እሱኮ መሬት እያለ ነው የሚላላው" አለኝ። አማቴ ሰሙ። ልጃቸውን ሊጠይቁልኝ የመጡት ሽማግሌዎች "እጁ የማይሠራው የለም" ብለው የመሰከሩላቸው አማቴ። መልሼ አወረድኳት። መፍቻው ላይ ቆሜ ስዘል ልጁ ከብቶቹን ትቶ ቁጭ ብሎ ይመለከታል።

አማቴ እግራቸው ደከመ። ልጁ ምን ቢያመጣላቸው ጥሩ ነው? እርስዎን! አንከባሎ ዳር አወጣዎትና ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡብዎ፣ ልክ እንደ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ። ጎማዬን የበላው ድንጋይ ለአማቴ ወንበር ሆነ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ሁለተኛ ሳነሳት መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፣ ክሪኩ ዘመመ። የቀረ ድንጋይ ደግሞ በአካባቢው የለም። "እማማ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ይነሱልኝ... ለጎማው ነው።" ተነሱ። ያዩኝን አስተያየት ለማንም አልመኝም።

ስኮርት ጎማዬስ? ለቦሎ ምርመራ ካልሆነ በቀር ፀሐይ አይቶ የማያውቅ። በጣቴ ስጫነው እንደ ቡኮ ገባ። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለእሱም ይድረሰው።

ሲጨልም አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አዝኖልን ቆመ። ረዳቱ ወርዶ ገና ሰላም ሳይለን ከየት እንዳመጣቸው እንጃ ሁለት ድንጋይ ከጎማቸው ሥር አኖረ። ከመኪናው የንፋስ ጋን ላስቲክ ስበው ስኮርቴን ነፉልኝ፤ ብር ብሰጥ እንቢ አሉ። ሄዱ። ሁለቱ ወንድሞችዎ አስፋልቱ ላይ ቀሩ። ምን ልበል? በነፃ ንፋስ የሰጠኝን ሰው በድንጋይ ልክሰሰው? "እግዜር ይስጥልኝ!" ብዬ እጄን አውለበለብኩ። 5 ደቂቃዋ 2 ሰዓት ሆና ነበር።

አሁን ግን አንቱታውም ይቅር። አንተ ድንጋይ ነህ፣ ምን ታውቃለህ? ያስቀመጠህ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ወደ ቦይ ለመወርወር ስንት ሰከንድ ይፈጃል? እኔን ጎማ ነው ያስገዛኸኝ። ነገ ማታ ባለ አንድ መብራት ባጃጅ ይመጣል። አንድ ሞተር ላይ ሦስት ሆነው ከገበያ የሚመለሱ ልጆች ይመጣሉ። እነሱ ስኮርት የላቸውም። በማግስቱ "ፍጥነት ነው"፣ "ጠጥቶ ነው" ይባላል፤ አንተን ማንም ለምስክርነት አይጠራህም።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ደሜ ፈልቶ ነው።

እሑድ ሂርማታ ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ጎማውን ውኃ ውስጥ እንኳ አልነከረውም። አውራ ጣቱን በስንጥቁ አስገብቶ አወጣና "ጎኑን ነው የበላው ወንድሜ። ጥርሱ ላይ ቢሆን እለጥፈው ነበር፤ ጎኑ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ስለሚውል አይዝም፣ ይፈነዳብሃል" አለኝ። ለእርስዎ ክብር አዲስ ገዛሁ።

ቀለም ስላልተቀባው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ጉድጓዶቹን ለምጃቸዋለሁ፤ እነሱ ቢያንስ ቦታ አይቀያይሩም። የቤንዚኑን ሰልፍ እንተወው።

በእኛ አገር የድሮ ባላባት በፈረሱ ስም ይጠራል፤ አባ ጅፋርም የፈረስ ስም ነው። እኔም ከእሑድ ጀምሮ በሚስቴ ዘመዶች ዘንድ "አባ ክሪክ" ተብያለሁ።

አንዲት ነገር ቀረችኝ። ያን ምሽት ክሪኩን ወርውሬ፣ ስኮርቱ ሳይተነፍስ ልድረስ ብዬ ነድቼ ወጣሁ። አማቴ መንገዱን ሁሉ ዝም ብለው ቆይተው ቦዬ ስንደርስ "ልጄ፣ ያን ድንጋይ አነሳኸው?" አሉኝ።

"አዎ እማማ" አልኩ።