ሴሚኮለን ይዘው ይግቡ!

የሀዋሳ ዌብሳይት ሠሪዎች ይመስገኑ። እንግዳ አክባሪነታችንን ከገበታ አልፈው ሰርቨር ውስጥ አስገብተውልናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፒያሳ እስከ ፍቅር ሐይቅ ያለ ፔንሽን ሁሉ ዌብሳይት ይፈልጋል። ፎቶ ማሳነስ አለ፣ ደረሰኝ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር አለ። ለፎቶው እንኳ ፒኤችፒ (ዌብሳይቱ የሚጻፍበት ቋንቋ) ጂዲ የሚባል የራሱ መሣሪያ አለው። ግን ማን ዶክመንቴሽን ያነባል? ጀግናችን ሼል ኤክሴክን፣ ከፒኤችፒ ሆኖ ሰርቨሩን በቀጥታ የሚያዘውን ፈንክሽን፣ ይጠራል። ትዕዛዙን ይገጣጥማል፤ መሀሉ ላይ ተጠቃሚው የጻፈውን የፋይል ስም እንዳለ ይሰካል። አለቀ፣ ደቀቀ። ማኪያቶው እንኳ አልቀዘቀዘም።

ልግስናውን እዩልኝ። የሌላው ሰው ፎርም ስምና ስልክ ብቻ ይቀበላል። የኛ ግን ሰርቨሩ የሚሠራበትን የሊኑክስን ትዕዛዝም ይቀበላል። ከፋይሉ ስም ቀጥሎ አንዲት ሴሚኮለን (;) ጣል ማድረግ ነው። ሼሉ፣ ማለትም ትዕዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም፣ የመጀመሪያው ትዕዛዝ እዚህ ላይ አበቃ ብሎ፣ ከሷ በኋላ የተጻፈውን እንደ አዲስ ትዕዛዝ ይፈጽማል። ፓስወርድ የለ፣ «ማን ልበል?» የለ። ቤት ለእንግዳ!

አንዳንድ ጨዋታ አበላሾች እስኬፕ ሼል አርግ የሚባል ፈንክሽን አለ ይላሉ። የተጠቃሚውን ጽሑፍ በነጠላ ጥቅስ አጥሮ፣ ሴሚኮለኗን ተራ ፊደል ያደርጋታል አሉ። ከፒኤችፒ 7.4 ወዲህ ደግሞ ፕሮክ ኦፕን የሚባለው ፈንክሽን ትዕዛዙን በአሬይ (ቃላቱ በተለያዩበት ዝርዝር) ከሰጡት ሼሉን ጭራሽ ሳይጠራ ያሠራል። እንግዳ በር ላይ ይፈተሻል እንዴ? ነውር አይደለም?

የሹመቱ ነገርማ ይለያል። ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ፒኤችፒ የሚሠራበት ተጠቃሚ ሆን ተብሎ አቅሙ የተገደበ ነው። «ፈቃድ የለህም» ሲባል ሌላው ምክንያቱን ይመረምራል። የኛ ሰው ግን አንጀቱ አይችልም። የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠውን የሱዱን ፋይል ከፍቶ ያለ ፓስወርድ ሁሉን እንዲያዝ ይሾመዋል። ፎልደሩንም 777 ያደርግለታል፤ ያገኘ ሁሉ ይጻፍበት። ሰርቨር አከራዩ ሆስቲንግ ሼል ኤክሴክንና መሰሎቹን ከዘጋበት «ይሄ ሆስቲንግ አይረባም» ብሎ ወደ ቪፒኤስ፣ ራሱ ወደሚያስተዳድረው የኪራይ ሰርቨር፣ ይዛወራል። እዚያ የሚከለክለው የለ፣ ሩቱ (የሰርቨሩ የበላይ አዛዥ) ራሱ ነው።

ጨዋነቱም አይረሳ። ሼል ኤክሴክ የሚመልሰው መደበኛውን ውጤት ብቻ ነው፤ ስህተቱ በሌላ በኩል ይወጣል። ትዕዛዙ መጨረሻ ላይ 2>&1 ብትቀጠል ስህተቱም ይታይ ነበር። ግን የሰርቨር ገመና ለምን ይገለጣል? ባዶ ገጽ ይበቃል።

በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን፣ አልጋ በሚጠፋበት ሰዓት፣ አንዲት የፔንሽን ባለቤት ለዴቨሎፐራቸው ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ዌብሳይቴ ላይ በማላውቀው ቋንቋ የቁማር ማስታወቂያ ሞልቷል!»

«አይጨነቁ እትዬ፣ የውጭ ደንበኛ እየመጣልዎት ነው።»

«አልጋ የያዙት ሰዎችስ ስም የት ሄደ?»

«ከባክአፕ እመልሰዋለሁ።»

ባክአፑ እዚያው ሰርቨር ላይ፣ እዚያው 777 ፎልደር ውስጥ ነበር። ነበር ነው የምላችሁ። ለጥገናው የላከላቸው ሒሳብ ከመጀመሪያው ሥራ ይበልጣል፤ «ሴኪዩሪቲ» የሚል አዲስ መስመር ተጨምሮበታል።