መጀመሪያ ደብተር ያዢ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ሳሎን ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ የፊልም ቡድን ለአሥር ቀን የሜካፕ ሥራ ጠርቷታል። አምስት ቀን ድሬ፣ አምስት ቀን ሐረር። ቀረጻ ላይ ሠርታ አታውቅም። «አቦ እትዬ፣ ምን ምን ልያዝ?» አለችኝ። ደስታዋም ፍርሃቷም ከድምጿ ያስታውቃል።

«መጀመሪያ ደብተር ያዢ» አልኳት። ስለ ብሩሽና ስለ ፓውደር የምነግራት መስሏት ነበር።

እዚህ ከተማ ሜካፕ የሚሠራ ሰው ሞልቷል፤ እጃቸው የተባረከ ልጆች አሉ። አብዛኞቻችን ግን ሙያውን የለመድነው በሙሽራ ነው። ሙሽራ ጠዋት ትቀመጣለች፣ ታምራለች፣ ፎቶ ትነሳለች፣ ማታ ታጥበዋለች። «ያንኑ ፊት ነገ ድገሚው» የሚልሽ የለም። ፊልም ግን ያስደግምሻል። ያውም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። ከጠብ በኋላ ያለው ትዕይንት ሰኞ ተቀርጾ፣ ጠቡ ራሱ ሐሙስ ሊቀረጽ ይችላል። ሰኞ ያበጠው ዓይን ሐሙስ በቡጢ የሚመታው ዓይን መሆን አለበት።

እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ ሰው ቅንድብ ነው። በመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ዋናው ተዋናይ ቅንድቡ ላይ የቆየ ጠባሳ ያለው ሰው ሆኖ ነበር የሚጫወተው። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ሁለት ቀን ቀረጽን። ጠባሳው አምሮልኝ ስለነበር በስልኬ የፊት ካሜራ አብሬው ፎቶ ተነሳሁ። ለማስታወሻም ያቺው ትበቃኛለች አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሐረር ወጣን። ጀጎል ውስጥ፣ ቀለም በተቀባ ግንብ ሥር በርጩማ ላይ አስቀምጬው፣ ፎቶዋን እያየሁ ጠባሳውን በግራ ቅንድቡ ላይ ሠራሁት። የስልክ የፊት ካሜራ እንደ መስታወት ቀኙን ግራ አድርጎ ሊያስቀምጥ እንደሚችል አላሰብኩም። ጠባሳው የነበረው በቀኝ ነው። ያወቀችው የትዕይንቶቹን ተያያዥነት የምትከታተለው ልጅ ናት፤ ምሳ ሰዓት ላይ የድሬውንና የሐረሩን ምስል ጎን ለጎን ስታይ። ከጠዋት ጀምሮ የተቀረጸው ሁሉ እንደገና ተቀረጸ። ማንም አልጮኸብኝም። ዝምታቸው ግን እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ከዚያ ወዲህ ፎቶ የማነሳው በስልኩ የኋላ ካሜራ ነው። ከፊት፣ ከቀኝ፣ ከግራ። ተዋናዩ የትዕይንቱ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ደረቱ ላይ ይይዛል። ስልክ ቀለም ስለሚለውጥ ፎቶ ብቻውን አይበቃም። የቤዙን (ከሁሉ በፊት ፊት ላይ የሚቀባውን ቅባት) ቁጥር፣ የሊፕስቲኩን ዓይነት፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ነው ወይስ አንገቱ ላይ፣ በታሪኩ ውስጥ ስንተኛው ቀን እንደሆነ፣ ሁሉንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ግራና ቀኝ ስጽፍ ሁልጊዜ የተዋናዩን ግራና ቀኝ ነው።

ሌላው የድሬ ልጅ ልታውቀው የሚገባ ነገር አየሩ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የደንገጎን ዳገት ስትወጪ ግን ሌላ አገር የገባሽ ይመስልሻል። ሐረር ቀኑን ሙሉ የዋለ ቤዝ፣ ድሬ ላይ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሳይሆን ይወርዳል። ልማዳችን ፓውደር መደራረብ ነው። በላብ ላይ ፓውደር ሲደራረብ ሊጥ ይሆናል፤ ካሜራው ሲቀርብ ደግሞ እያንዳንዱ ስንጥቅ ይታያል። መጀመሪያ ላቡን በሶፍት ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂው፤ እንዳትጠርጊው። ከዚያ የሚያብለጨልጨው ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ፓውደር አድርጊ። ቤዙም ቀጭን ይሁን። ይህ ችግር ከፊልም ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የሜካፕ ባለሙያው ማክስ ፋክተር በ1914 እ.ኤ.አ. ለካሜራ የሚሆን ስስ ቅባት የሠራው የቲያትሩ ወፍራም ቅባት ፊት ላይ እየደረቀ ስለሚሰነጠቅ ነበር።

ታሪኩ «ላብ በላብ ሆኗል» የሚል ከሆነ ደግሞ በድሬ ሙቀት አትተማመኚ። እውነተኛው ላብ ንፋስ ሲነካው ይደርቃል፤ ተዋናዩ ጥላ ሥር ሲያርፍ ይጠፋል። ከፋርማሲ ግሊሰሪን ገዝተሽ ከውኃ ጋር ቀላቅለሽ በስፕሬይ ንፊው። ግሊሰሪን ቶሎ አይደርቅም። ከአንዱ ቀረጻ እስከ ሌላው ጠብታው ባለበት ይቆይልሻል።

ሂና ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ አካባቢ ጉዳይ ስለሆነ። የሠርግ ትዕይንት ካለ «እውነተኛ ሂና አድርጊላት» ማለታቸው አይቀርም። እሺ ከማለትሽ በፊት የቀረጻውን ፕሮግራም እዪ። ሂና ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት እጅ ላይ ይቆያል። ሠርጉ ማክሰኞ ተቀርጾ፣ ልጅቷ ገና ሳትታጭ ያለው ትዕይንት ዓርብ ከሆነ፣ ዓርብ እጇን የት ትደብቂዋለሽ? በሚታጠብ ቀለም ሳዪው። ቶሎ እንዲጠቁር ብለው የፀጉር ቀለም የሚቀላቅሉበትንማ ጨርሶ እንዳትነኪው። ቆዳ ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል፣ ጠባሳውም ላይለቅ ይችላል። የሰው እጅ ነው።

ስለ ንጽሕና ስናገር እቆጣለሁ፤ ይቅር በሉኝ። በአንድ የኩል ዘንግ አምስት ሰው ሲኳል በዓይኔ አይቻለሁ። ትራኮማ በአገራችን ዛሬም ዓይን እያጠፋ ያለ በሽታ ነው። ከታመመ ዓይን በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅና በጨርቅ ይተላለፋል። ለእያንዳንዱ ተዋናይ የራሱ ኩል፣ የራሱ ስፖንጅ ይኑረው፤ ስሙን ጻፊበትና በየራሱ ፌስታል አድርጊው። ሊፕስቲኩን ከቱቦው በቀጥታ ከንፈር ላይ አታድርጊ፤ ቆርሰሽ ንጹሕ የብረት ዝርግ ላይ አውጪና በንጹሕ ብሩሽ ቀቢ። ብሩሹን በሰባ ፐርሰንት አልኮል አጽጂ። ለአጃቢ ተዋንያንም እንደዚያው። ከቀፊራ ገበያ ለአንድ ቀን የመጡት እናት ዓይናቸው ከዋናዋ ተዋናይ ዓይን አያንስም።

ማሳመር የለመደ እጅ ደግሞ ዝም ብሎ ማሳመር ያምረዋል። ዕድሜዋን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከሰል ስትሸጥ የኖረች ሴት ሆና የምትጫወት ተዋናይት «ትንሽ ሽፋሽፍት ብቻ፣ እህቴ» ትልሽ ይሆናል። ልመናዋን እረዳዋለሁ፤ ፊቷ በትልቅ ስክሪን ሊታይ ነው። ያንቺ ሥራ ግን የዚያችን ሴት ፀሐይና ድካም ፊቷ ላይ ማምጣት ነው። እንዳትጣያት። «ዳይሬክተሩን አብረን እንጠይቀው» በያት። ስክሪፕቱን ቀድመሽ ካነበብሽው ይህ ንግግር ራሱ ቀላል ይሆናል።

ቀረጻው ቦታ ላይ ስልክሽን አጥፊ። ረዳት ዳይሬክተሩ ሳይጠራሽ ወደ ካሜራው ፊት አትግቢ። ተዋናዩ የሚያይበት አቅጣጫ ላይ አትቁሚ። ካሜራው የሚያየውን የሚያሳየው ሞኒተር ጋ ተጠግተሽ ተመልከቺ፤ መስታወት የደበቀሽን እሱ ያሳይሻል።

ስለ ክፍያ ደግሞ አትፈሪ። ዕቃውን የሚገዛው ማነው? ሐረር የምታድሪበትስ? ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ከዋልሽ? ብሩሹን ሳታነሺ ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍሪና ተፈራረሙ። ስንት ልጅ «ፊልሙ ሲሸጥ እንከፍልሻለን» ተብላ ቤዟንም ጉልበቷንም አጥታ ቀርታለች።

ከአዲስ አበባ ለምትመጡ ፕሮዲዩሰሮችም አንድ ነገር ልለምን። የእኛን ልጆች ቀረጻው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው አትጥሩ። ስክሪፕቱን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ላኩላቸው። ካሜራማኑ ባለበት አንድ የሙከራ ቀን ስጧቸው፤ ያቺ ቀን በቀትር ፀሐይም በማታ መብራትም ፊቱን የሚያዩባት ትሁን። የደወለችልኝ ልጅ የሙከራ ቀን እንዲሰጧት ጠይቃ ነበር፤ ጊዜ የለም አሏት። ሰኞ ጠዋት ከምድር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ትጀምራለች። ደብተሩን ገዝታለች።