ለቡናው አድራሻ ተጠየቀ፤ ለኮምፒውተሩስ?

የክርክሩ ጭብጥ፦ «በጅማ ያሉ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ኮምፒውተር፣ ስልክና ፕሪንተር ሲገዙ፣ ዕቃው ሲመረት ያስከተለውን የካርቦን ልቀት (ወደ አየር የተለቀቀውን ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ መጠን) በጽሑፍ ከማያቀርብና ያረጀውን መልሶ ለመረከብ ከማይፈርም ሻጭ አይግዙ።» ደጋፊዋ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የእርሻ መገኛ ምዝገባ የምትሠራ ባለሙያ ናት። ተቃዋሚው በጅማ መርካቶ ኮምፒውተርና ሞባይል ሲጠግኑ 22 ዓመት ያስቆጠሩ ባለሙያ ናቸው። ክርክሩ የተካሄደው በጽሑፍ ነው።

ደጋፊ

ከቡና ልጀምር፤ እንጀራዬ ነውና። ጎማና ማና ወረዳ ውስጥ ጓሮ ለጓሮ እየዞርኩ የገበሬውን እርሻ መገኛ በስልክ እመዘግባለሁ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ሕግ አወጣ። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን እየተገፋ ቢመጣም ዋና ጥያቄው ያው ነው፦ ቡናው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ወዲህ በተመነጠረ ደን ላይ አለመብቀሉ ካልታወቀ ገበያቸው አይገባም። የደን ጥላ ሥር ቡና ሲለቅሙ የኖሩ አባቶች ዛሬ የማሳቸውን ነጥብ እያስመዘገቡ ነው።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ገበሬ የያዝኩትን ስልክ አይተው «ይሄስ ከየት መጣ?» አሉኝ። «ከቻይና» አልኳቸው። «ቻይና የት?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። የሳቸው ግማሽ ሄክታር በካርታ ላይ ነጥብ ሆናለች፤ በእጄ የያዝኩት ዕቃ ግን አድራሻ የለውም። ባትሪው ውስጥ ያለው ኮባልት ከዓለም ምርት አብዛኛው ከሚወጣባት ኮንጎ ሊሆን ይችላል። ስልኩ ውስጥ ያለው ታንታለም የሚባል ማዕድን ከማን መሬት እንደተቆፈረ ማን ያውቃል? የኛው ጉጂ ቀንጢቻም ታንታለም የሚወጣበት ቦታ ነው። ቺፑና ስክሪኑ የተሠሩት ኤሌክትሪካቸው በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ በሚመነጭ የምሥራቅ እስያ ፋብሪካዎች ነው።

የካርቦን ሒሳብ የሚሠሩ ሰዎች ልቀትን በሦስት እርከን ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ድርጅቱ ራሱ የሚያቃጥለው ነዳጅ ነው፤ ሁለተኛው የሚገዛው ኤሌክትሪክ። ሦስተኛው ከሚገዛው፣ ከሚያጓጉዘውና ከሚጥለው ዕቃ የሚመጣው ሁሉ ነው፤ 15 ዓይነት ዝርዝር አለው። እኛ ሁለተኛው ላይ ንጹሕ ነን ማለት ይቻላል፤ የሀገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው፣ ግልገል ጊቤም ደጃችን ነው። ስለዚህ የጅማ ቢሮ ኮምፒውተር ዕዳ ሦስተኛው እርከን ላይ ተቀምጧል፤ ያንን ግን የሚጠይቅ የለም።

የዕቃው መጨረሻ ደግሞ ዓይናችን ሥር ነው። ወደ ማታ አዌቱ ወንዝ ዳር ልጆች ኬብል ያቃጥላሉ። የሚፈልጉት መዳቡን ነው። ላስቲኩ ሲነድ ጭሱ ጥቁር ነው፤ መዳቡ ጋ ሲደርስ ነበልባሉ አረንጓዴ ይሆናል። ልጆቹ አረንጓዴውን ሲያዩ «ደረሰ» ብለው በዱላ ይገለብጡታል። ያ ላስቲክ ክሎሪን አለበት፤ ከመዳብ ጋር ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል። አመዱን ዝናብ ያጥበዋል፤ አዌቱ ደግሞ በቦዬ ረግረግ አድርጎ ግልገል ጊቤ ይገባል። መብራታችንን የሚሰጠን ውኃ ነው።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ገበሬው ለግማሽ ሄክታር አድራሻ ከሰጠ፣ 50 ላፕቶፕ የሚሸጥ ነጋዴ ሁለት ወረቀት ይስጥ።

ተቃዋሚ

እህቴ፣ የአዛውንቱ ጥያቄ ልክ ነው። አዌቱ ዳር ያየሽውንም እኔ ከሱቄ ስወጣ ይሸተኛል። የማልስማማው መድኃኒት ብለሽ ባቀረብሽው ላይ ነው፤ የአምራቹን ዕዳ የጅማ ሱቅ እንዲከፍል ታደርጊያለሽና። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው።

ሒሳቡን ራስሽ ካመጣሽው ላይ ልቀጥል። ከአንድ ስልክ የዕድሜ ልክ ልቀት 80 በመቶ ያህሉ ሰው ኪሱ ሳይከተው በፊት አልቋል። ላፕቶፕም ከዚህ አይርቅም። ከሰል አቃጥላ ኤሌክትሪክ የምታመርት ሀገር «አሮጌው መብራት ይበላል፤ አዲስ ብገዛ ይሻላል» ልትል ትችላለች። እኛ ጋ ይህ አይሠራም። መብራታችን የውኃ ከሆነ፣ አሮጌ ላፕቶፕ አንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር አዲስ የሚሠራበት ልቀት ለአንድ ዓመት ቀረ ማለት ነው። ጅማ ውስጥ ካርቦን የሚቀንስ ሰው ካለ ሶልደር ይዞ የተቀመጠው ጠጋኝ ነው።

በቅርቡ ከአንድ መሥሪያ ቤት 12 ላፕቶፕ «የሞቱ» ተብለው መጡልኝ። አዲስ ሊገዙ ወስነው፣ ለወጉ ያህል ይታዩ ብለው ነው። አንዱን ፈታሁት። ፋኑ ላይ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፔስት፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ራሙን፣ ማስታወሻ ካርዱን፣ ነቀልኩት፤ ወርቃማው ጥርሱ ጠቁሯል። የጅማ እርጥበት ነው፣ ክረምት ላይ ሁሉም ዕቃ እንዲህ ይሆናል። ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ፦ በተማሪ ላጲስ ቀስ አድርጌ ፈትጌ መለስኩት። ነቃ። ከ12ቱ ዘጠኙ ተነሡ። አራቱ ጽዳትና ፔስት ብቻ ነበር የፈለጉት፣ ሦስቱ ያ ላጲስ፣ ሁለቱ ሃርድ ዲስካቸው ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ተተክቶላቸው ከበፊቱ ፈጠኑ። የቀሩት ሦስቱ ደግሞ መለዋወጫ ሰጡኝ። አንድ ላፕቶፕ ሲሠራ የሚወጣው ልቀት 200 ኪሎ ገደማ ነው ብለሽ አስቢና በዘጠኝ አባዢው።

በአንቺ ደንብ ቢሆን ግን ያ መሥሪያ ቤት ሁለት ወረቀት የሚያቀርብ ሻጭ ፈልጎ 12 አዲስ ይገዛ ነበር፤ «ንጹሕ ግዢ ፈጸምን» ብሎም ሪፖርት ያደርግ ነበር።

ስለ ወረቀቱም ልበል። ትልልቆቹ አምራቾች ለየሞዴሉ የካርቦን ሰነድ ያወጣሉ፤ አይቻቸዋለሁ። ግምት ናቸው፤ ስህተታቸው ወደ ላይም ወደ ታችም ሰፊ መሆኑን ራሳቸው ይጽፋሉ። ዕቃው አራት ዓመት ገደማ ያገለግላል ብለው ያሰሉታል። እኔ 11 ዓመት ያገለገለ ማሽን ጠግኜ ሸጫለሁ፤ ለሱ ሰነድ የሚጽፍ ማነው? ሰነድ ማቅረብ የሚችለው አዲስ አበባ ያለ ትልቅ አስመጪ ብቻ ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥና የሚጠግን ከጨረታው ይወጣል። ከዚያ አሮጌው ዕቃ 350 ኪሎ ሜትር ተጭኖ ይሄዳል ወይስ የሻጩ መጋዘን ይከማቻል? ፊርማ ያለው ውል ሁሉ ይፈጸማል ብለሽ ታምኛለሽ?

ሸክሙ የሚቀመጥበት ቦታ አለ፦ ወደቡ። ጋና እ.ኤ.አ. በ2016 ሕግ አውጥታ ኤሌክትሮኒክስ ሲገባ አስመጪው አስቀድሞ ለቆሻሻው ክፍያ እንዲከፍል አድርጋለች። ገንዘቡም ለመሰብሰቢያውና ለማስወገጃው ነው። እንዲህ ከሆነ ትልቁም ትንሹም ዕቃ ዋጋውን ተሸክሞ ይገባል፤ የጅማ ጠጋኝም ወረቀት አሳይ አይባልም።

ደጋፊ

ጋሼ፣ ላጲሱን አነበብኩና ቢሯችን ያለውን «የሞተ» ላፕቶፕ ሄጄ አየሁት። ይዤልዎ እመጣለሁ። ጥገና ከአዲስ ግዢ ይቅደም ባሉት ላይ ከርስዎ ጋር ነኝ፤ ጭብጡ ላይ አለመጻፉ ጉድለት ነው።

ወደቡ ግን ለኔ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ምን እንደሚከፈል ጅማ አትወስንም። ሕግ የለም እንዳይባል ደግሞ አለ፤ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝ ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቶ ከተቀመጠ ዓመታት አልፈዋል። አሮጌዎቹ ሞኒተሮች ግን እኛ ግቢ ዕቃ ግምጃ ቤት ጀርባ ዝናብ እየመታቸው ነው። እነዚያ ወደ ኋላ የሚረዝሙት፣ መስታወታቸው ውስጥ እርሳስ ያለባቸው። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ሊሸጣቸው ይፈራል፣ ሊጥላቸው አይችልም። በዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ሌላው የት እንደሄደ ከጠየቁኝ፣ ከፊሉ እኛ ግምጃ ቤት ጀርባ ነው ያለው እላለሁ። ሲገዙ ያልተፈራረሙት ነገር ሲያረጅ ባለቤት አይኖረውም።

ገዢ ግን ኃይል አለው። የደኑ ሕግ በኛ መንግሥት የወጣ አይደለም፤ የገዢዎቻችን ሀገሮች ናቸው «ካልነገራችሁን አንገዛም» ያሉት። በአንድ ዓመት ውስጥ ወረዳው በሙሉ ተንቀሳቀሰ። ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሎቹና ባንኮቹ አንድ ላይ እንዲህ ቢሉ ሻጩ ከጅማ ገበያ ይቀር ይመስልዎታል?

አንድ ነገር በቅንነት ልጠይቅዎ። የሚጠግኑት ዕቃም አንድ ቀን አይነሳም። ያበጡ የስልክ ባትሪዎችን የት ያደርጓቸዋል?

ተቃዋሚ

በቅንነት ለጠየቅሽኝ በቅንነት እመልሳለሁ። ሱቄ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ሥር፣ የወተት ዱቄት ይመጣበት የነበረ ቆርቆሮ አለ። አሸዋ ሞልቼበታለሁ። ያበጠ ባትሪ ሲመጣ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኜ አሸዋው ውስጥ እቀብረዋለሁ፤ ከተበሳ እሳት ነውና። ቆርቆሮው ሞልቶ ሁለተኛ ጀመርኩ፣ አሁን ሦስተኛው ላይ ነኝ። ቦርዱን ቆራሌው በኪሎ ይገዛኛል፤ ወርቅና መዳብ እንዳለው ያውቃል፣ አዲስ አበባ ገዢ አለው። ባትሪውን ግን በነጻም አይወስድልኝም። አቃቂ የኤሌክትሮኒክስ መፍቻ ማዕከል እንዳለ አውቃለሁ። ሦስት ቆርቆሮ ባትሪ ይዤ አውቶቡስ ልሳፈር? ሹፌሩ ቢያውቅ ያወርደኛል፤ ማውረዱም ተገቢ ነው። ስለዚህ ሱቅ አስቀምጬያቸው እተኛለሁ፤ ሌሊት ግን ሱቁ ይታሰበኛል።

አየሽ፣ አንቺ ወረቀት ቢኖር ሰብሳቢ ይመጣል ትያለሽ። እኔ ደግሞ ሰብሳቢው መጀመሪያ ይኑር እላለሁ። መርካቶ ውስጥ አንድ ክፍል፣ ክዳን ያለው በርሜል፣ በወር አንዴ የሚመጣ ለዚህ የተዘጋጀ መኪና። እኛ ጠጋኞቹ እናመጣለን፤ ሰፈሩ የኛን ሱቅ ያውቃል። የሰው ቤት መሳቢያ ውስጥ የተኛው ስልክም ወደ እኛ ነው የሚመጣው እንጂ ወደ አስመጪው አይሄድም። ለልጆቹም ኬብሉን ሳያቃጥሉ የሚልጡበት መሣሪያ ይሰጣቸው፤ የተላጠ መዳብ ከተቃጠለው የበለጠ ዋጋ አለው፣ ይኼንን ቢያውቁ እሳት አይነኩም ነበር።

ደጋፊ

ስለ ቆርቆሮዎቹ ከማንበቤ በፊት ባትሪ ለብቻው መጠቀስ እንዳለበት አላሰብኩም ነበር። ስለዚህ ሐሳቤን አሻሽላለሁ። የካርቦን ሰነዱ ለትልልቅ ግዢ ብቻ ይሁን፤ አዲስ ዕቃ ከ20 በላይ ሲገዛ ይጠየቅ፣ ለተጠገነ ዕቃ አይጠየቅ። ከግዢ በፊት አሮጌው በጠጋኝ ታይቶ «አይነሳም» የሚል ፊርማ ይኑርበት። ሻጩ ደግሞ ቢያንስ ባትሪውን መልሶ ይረከብ፤ መለዋወጫም ለአምስት ዓመት ያቅርብ።

ከዚህ በታች ግን አልወርድም። የእርስዎ በርሜል ክፍያ ከየት ይመጣል? መኪናው ከየት? ማዘጋጃ ቤቱ በጀት እስኪመድብ ስንት ቆርቆሮ ይሞላል? ሲሸጥ ያተረፈው አካል ነው መክፈል ያለበት፤ እሱን የሚይዘው ደግሞ ጨረታው ላይ የሚፈርመው ውል ነው።

ተቃዋሚ

የጠጋኝ ፊርማ ያልሽው ትልቅ ነገር ነው፤ በ22 ዓመት ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የአምስት ዓመት መለዋወጫውንም እቀበላለሁ፤ ስክሪን ጠፍቶ ስንት ደህና ማሽን እንደተጣለ አውቃለሁና።

አንድ ግን ይቀረናል። በደንብሽ ላይ ባትሪውን የሚረከበው «ሻጩ» ነው። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ ይረከባል ማለት ባትሪው ጅማ ላይ እሱ እስኪመጣ ይጠብቃል ማለት ነው፤ የሚጠብቀውም እኔ ሱቅ ነው። «ሻጩ፣ ወይም ሻጩ ከፍሎት በከተማው የሚረከብ ጠጋኝ» ተብሎ ይጻፍ። የማከማቻው ወጪም በውሉ ዋጋ ውስጥ በብር ይቀመጥ። ይህ ከገባ እፈርማለሁ፤ ካልገባ አሁንም ተቃዋሚ ነኝ። ላፕቶፑን ስታመጪ ረቂቁንም ይዘሽልኝ ነይ፤ ከሰዓት በኋላ ሱቅ አለሁ።