ጎመኑ እያለ ዱቄቱ ለምን?

በየገበያውና በየቴሌግራሙ ስድሳን ላለፉ አባቶች «የአጥንት መድኃኒት» እየተባለ የሚሸጠው ዱቄት በዝቷል። ጥቂት አብሽ፣ ጥቂት ተልባ፣ የቀረውን ሻጩ ያውቃል። አብሽና ተልባ ደግ እህሎች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ አንድ ማንኪያ ዱቄት የገበታን ሥራ ይሠራል ከሚለው ወሬ ጋር ነው።

የአጥንት መሳሳት የእናቶች ጣጣ ብቻ ተደርጎ መቆጠሩ ወንዶችን ጎድቷል። ሴቷ ካረጠች በኋላ በጥቂት ዓመታት ብዙ አጥንት ታጣለች። ወንዱ ዘግይቶ ይጀምርና ወደ 70 ዓመት ሲጠጋ አጥንት በማጣት ፍጥነቱ ይደርስባታል። ዳሌው ከተሰበረ ደግሞ በዓመቱ የመሞት ዕድሉ ከእሷ ይብሳል።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተትና ዓይብ የማይቀምስ አባት የአጥንቱን ዋና ማዕድን፣ ካልሲየምን፣ ከበያይነቱ ማግኘት አለበት። እዚህ ላይ ጤፍ ባለውለታችን ነው፤ መቶ ግራም ጤፍ ወደ 180 ሚሊግራም ካልሲየም ሲይዝ ስንዴ የዚያን ሩብ እንኳ አይሞላም። እርሾውም ያግዛል፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ማዕድኑን ጨምድዶ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል። ከጎኑ የሚወጣው ቅጠል ግን ይለያያል። የቆስጣን ካልሲየም፣ ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር አስሮ ያስቀረዋል፤ የጎመኑን ካልሲየም ግን አንጀት በደንብ ይቀበለዋል። ምግብ ቤቶቻችን ጎመኑን ትተው ቆስጣ ላይ መረባረባቸው እኔን ሁልጊዜ ያናድደኛል። ብዙ የሚወራለት ሰሊጥም ቢሆን አብዛኛው ካልሲየሙ ልጣጩ ላይ ነው፣ እሱም በኦክሳሌት የታሰረ።

ዕፅዋት ብቻ መብላት በራሱ አጥንት አይጠብቅም። በ2020 የታተመ የኦክስፎርድ ጥናት የእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ የማይበሉ ሰዎች ዳሌያቸው የመሰበሩ ዕድል ከሥጋ በሎች ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። የክብደት፣ የካልሲየምና የፕሮቲን ማነስ ለልዩነቱ ከፊል ምክንያት ነው። ስለዚህ ሽሮውና ምስሩ በጾም ቀን ሊሳሱ አይገባም።

ፀሐይስ? አባቶቻችን ጠዋት ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጋቢው ግን እስከ አፍንጫ ነው። አንጀት ካልሲየምን እንዲቀበል የሚያግዘው ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ቆዳ ላይ በሚያርፍ ብርሃን ስለሆነ ክንዱ ይገለጥ።

ከቆመበት ወድቆ አጥንቱ የተሰበረ፣ ወይም ለአስም ሆነ ለቁርጥማት ፕሬድኒሶሎን የተባለውን አጥንት የሚያሳሳ መድኃኒት ለወራት የወሰደ አባት ግን ጎመን ብቻውን አይበቃውም። የአጥንት ጥግግት ምርመራና ሐኪም የሚያዝለት መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ለዱቄቱ የሚወጣው ገንዘብ ለዚያ ይሁን።