በሰዓቱ የሚጀመር ስብሰባ

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጸደይ መጋቢት 26 ገብቶ ሰኔ 25 ይወጣል። በወረዳ ከተማ ግን መግባቱን የሚያበስረው ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ ነው። ባጃጁ በዋናው መንገድ ሲያልፍ በደንብ የሚሰማው «የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች» እና «እንዳትቀሩ!» ብቻ ነው፤ መሃል ላይ ያሉት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ከሞተሩ ጩኸት ጋር ይሄዳሉ። ጉዳት የለውም። ቦታው ምንጊዜም የቀበሌ አዳራሽ ነው፤ ሰዓቱም ምንጊዜም 2:30 ተብሎ 4:00 ነው።

ይህችን የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት ስንፍና ያመጣት እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ሰው ተባብሮባት ነው። የአዳራሹ ቁልፍ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው፣ ጥበቃው ለቅሶ ላይ ነው። ቁልፉ ሲገኝ የማይኩ ባትሪ የለም፤ ባለፈው ስብሰባ ማግስት ተነቅሎ የአንድ ሰው ቤት የግድግዳ ሰዓት ውስጥ ገብቷል። (በከተማው ሳይዛነፍ የሚቆጥር ሰዓት ቢኖር እሱ ነው።) አዲስ ባትሪ ተገዝቶ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ጀነሬተሩ አለ፣ ቤንዚኑ የለም። ከዞን የሚጠበቁት የክብር እንግዳ ደግሞ «መንገድ ላይ ናቸው»፤ ይኸውም ቁርስ ላይ ናቸው ማለት ነው።

ሁሉም ሲሟላ ማይኩ ያፏጫል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሞንታርቦው ከተናጋሪው ጀርባ ስለተተከለ ማይኩ የገዛ ድምፁን መልሶ እየሰማ ነው። ሞንታርቦውን ሁለት እርምጃ ወደፊት አውጥቶ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ማዞር ይበቃል። ይህን የሚያደርግ ግን የለም፤ ማይኩ በጣት ይንኳኳል፣ «ሀሎ፣ አንድ፣ ሁለት» ይባላል፣ ከሁለት በላይ ተቆጥሮም አያውቅም።

ሕዝቡ ከኋላ ወንበር ጀምሮ ይሞላል። የፊቱ ረድፍ ባዶ ይቀራል፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው የኮሚቴ አባል ሆኖ ይመረጣልና። መድረክ መሪው ጥያቄ «ሦስት ሦስት እያደረግን» ይቀበላል። ሦስቱም ይታወቃሉ፦ ውሃ፣ መብራት፣ መንገድ። አራተኛው ጠያቂ «ቀደም ሲል እንደተባለው» ብሎ ሦስቱንም ይደግማቸዋል። «ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያለኝ» ካለ ሰው ደግሞ ፈጣሪ ይሰውራችሁ፤ ሁለተኛው ነጥብ ሀ፣ ለ፣ ሐ አለው። መልሱ «በሂደት ላይ ነው» ይሆናል፣ ቃለ ጉባኤ ያዡም እጅ ሳይወጣ በፊት «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ጨርሶ እስክሪብቶውን ከድኗል።

ይህንኑ ሕዝብ ለቅርጫ ጥሩት እስቲ።

ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 ዘግይቶ አይውልም፤ ስለዚህ የበዓሉ ቅርጫ ሁሌም በጸደይ ነው። ባነር የለው፣ የክብር እንግዳ የለው። ከደብተር የተቀደደች አንዲት ወረቀት ላይ የ12 አባወራ ስም አለ፣ በከፈለው አንጻር ምልክት። ከቅዳሴ መልስ ጎህ ሳይቀድ በሬው ይታረዳል ከተባለ፣ ለቀበሌ 4:00 ላይ የሚደርሰው ሰውዬ 11:00 ሳይሞላ ጋቢውን ደርቦ ቢላ ሲስል ይገኛል።

አባላቱ 12 ከሆኑ 12 መደብ ይወጣል። ቅጠል ይነጠፍና ሥጋው በብልት በብልት ይሄዳል፦ ሻኛው 12 ቦታ፣ ታላቁ 12 ቦታ፣ ፍሪምባው፣ ጎድኑ፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው እንደዚያው። አንዱ ብልት ለሁሉም ሳይዳረስ ሌላው አይነካም። ምላስ አንድ በመሆኗ 12 ቦታ ስትቆረጥ ለመዓዛ ያህል ትሆናለች፤ ሆኖም ለማንም አትቀርም። ሚዛን የለም። አንድ አዛውንት መደቦቹን ዞር ዞር ብለው ያዩና «ይቺ ከስታለች» ይላሉ፤ ከወፈረችው ተቆርሶ ይጨመርላታል።

ቀጥሎ እጣ ነው። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር ያዋጣል። ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ይጠራና በየመደቡ ላይ ይጥላል። የነገሩ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፦ ቢላ የያዘው ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አንዱን ማሳበጥ አይጠቅመውም። ይህ አሠራር ለሸማቾች ማኅበር የስኳርና የዘይት ክፍፍል ለምን እንዳልተሞከረ በስብሰባ ላይ የጠየቀ የለም፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ቀድመውታል።

ቅርጫም እንከን አያጣውም። ጠቡ የሚነሳው ግማሽ ግማሽ መደብ የገቡት ሁለት ቤተሰቦች ዘንድ ነው፤ ሁለተኛው ክፍፍል ጓዳ ውስጥ ያለ እጣና ያለ አዛውንት ይካሄዳላ። ቆዳውም ሌላ ጣጣ ሆኗል። ድሮ ነጋዴ ደጅ ድረስ መጥቶ ይሻማበት ነበር፤ ዋጋው ከወደቀ ወዲህ የሚያነሳው ጠፍቶ አጥር ላይ ይከርማል።

ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀንና የጊዮርጊስ ንግሥ ስለሚገጥሙ ለማንኛውም ጉዳይ ቢሮ አትሂዱ። ግንቦት 1 ልደታ ናት፤ ጎረቤት ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይቀቅላል። እህሉ ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ ስለሚዋጣ ከማታው የተዘፈዘፈ ሽምብራና ያልተዘፈዘፈ ሽምብራ አንድ ድስት ይገባሉ። ስንዴው ፈንድቶ ሲያልቅ ግማሹ ሽምብራ ገና ጠጠር ነው፤ የሰፈሩ ተናጋሪዎች በዚያ ቀን ዝም የሚሉትም ጥርሳቸውን እየጠበቁ ነው። ዝናቡም ልክ ቡናው አቦል ሲደርስ ይመጣል። በዚያው ወር «ዶማና አካፋ ይዛችሁ» የሚባለው የችግኝ ጉድጓድ ቁፋሮ አለ፤ ካሜራው እስኪሄድ ድረስ ያለው ቁፋሮ ጥልቅ ነው።

የመጨረሻው የእድር ጠቅላላ ጉባኤ ነው። እድር ሰዉን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ስም የሚጠራው ሁለት ጊዜ ነው፣ ሲጀመርና ሲያልቅ፤ መሃል ላይ ሾልኮ የወጣ እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣል። ወርኃዊ መዋጮ በ10 ብር ይጨመር አይጨመር በሚል ሁለት ሰዓት ይሟገታሉ። ከዚያ ንብረት ያዡ ተነስቶ ከድንኳን፣ ከወንበርና ከብረት ድስት ምንም አለመጉደሉን፣ ሦስት ደርዘን የሻይ ብርጭቆ ግን የገባበት አለመታወቁን በሐዘን ያሰማል። አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም ተብሎ አምስት ሰው ይመረጣል፤ ጉባኤው በተካሄደበት ግቢ ባለቤት ቤት ለኮሚቴው ሻይ ይቀርባል፤ አምስቱም ብርጭቆውን ያገላብጡና የእድሩን ምልክት አይተው ሻያቸውን ይጠጣሉ።