«ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው»

ሐዋሳ የታደለች ከተማ ናት። ሐይቅ አላት፤ ታቦር ተራራ አላት፤ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች ከብበው፣ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው፣ የሚጣልላቸውን በትዕግሥት የሚጠብቁ አባ ኮዳ የሚባሉ አሞራዎች አሏት። የከተማችን ልዩ ሀብት ግን በየአዳራሹ ማይክሮፎኑ ገና ከመድረክ ሳይወርድ እጃቸውን የሚያነሡት፣ ከሲዳማ ዘመን መለወጫ ከፍቼ ጨምበላላ እስከ ትዳር ፍቺ፣ ከቅብ ሥዕል እስከ ቤት ኪራይ ሐሳብ የማያጥራቸው ጋሼ ናቸው። ስማቸውን የማልጠቅሰው ለትሕትናቸው ስል ነው፤ ደግሞም አንድ ሰው አይደሉም፣ በየረድፉ አንድ አንድ አሉ።

አንድ ሙያ የያዘ ሰው እንደ ታሰረ በሬ በችካሉ ዙሪያ ብቻ ይግጣል፤ ጋሼ ግን በመስክ ሁሉ ይሰማራሉ። ለዚህ የሚበቃውን ዕውቀት እንዴት እንደሚያካብቱ ለማወቅ የጓጓ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር ሄዶ ሊያያቸው ይችላል፤ ማኪያቶ አዝዘው የጋዜጣውን ርእስ ያነብባሉ፣ ዝርዝሩን ከራሳቸው ያሟላሉ።

ንግግር የሚከፍቱበት ሥርዓት እንደ ቅዳሴ ተሰጥኦ የጸና ነው። በመጀመሪያ ለተሰጣቸው ዕድል ያመሰግናሉ፤ ቀጥለው «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ይላሉ፤ ከዚያም «የቤቱን ጊዜ ላለመሻማት ሦስት ነጥብ ብቻ» ብለው መነጽራቸውን ያወልቃሉ። መነጽሩ የወለቀ እንደሆነ፣ ልምድ ያለን ታዳሚዎች የወንበራችንን መደገፊያ እንፈልጋለን። ሁለተኛው ነጥብ ሀ፣ ለ እና ሐ እየወለደ ስለሚሄድ ሦስተኛውን እስከ ዛሬ የሰማ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሆኖም ቁም ነገሩ ያለው እዚያ እንደሆነ አልጠራጠርም። ንፉግ ሰው ቢሆኑ ኖሮ የሚያውቁትን ብቻ ተናግረው ይቀመጡ ነበር። ጋሼ ግን የማያውቁትንም አይሰስቱም።

አንድ ወጣት ሠዓሊ ሥራዎቹን ለእይታ ያቀረበ ዕለት የሆነውን ላውጋ። ልጁ ማለዳ ማለዳ ሐይቁ ዳር እየወረደ ዓሣ አስጋሪዎቹን የሣለ ነው፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ሰማያዊ ቀለም ገና አልለቀቀም ነበር። ጋሼ ማይክሮፎኑን ተቀብለው ጀርባቸውን ለሥዕሎቹ፣ ፊታቸውን ለታዳሚው ሰጡና ከአፈወርቅ ተክሌ ጀመሩ። በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ ስላለው፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ስለሚያሳየውና 150 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍነው ባለቀለም የመስተዋት ሥራ አስረዱን። ሐሰት የለበትም፤ ካሬ ሜትሩን እንኳ አልሳቱም። ከዚህ ተነሥተው፣ አንድም ሸራ ዞር ብለው ሳያዩ፣ የዛሬው ሠዓሊ ራእይ አጥሮታል ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ። «ለምሳሌ ይህ» አሉ፣ ሲገቡ በጨረፍታ ያዩትን ሥዕል በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ እየጠቆሙ፤ «እነዚህ የተጠላለፉ መስመሮች የማኅበረሰባችንን ውስብስብነት ያመለክታሉ።» ሠዓሊው ቀስ ብሎ «መረብ ነው፣ ጋሼ፤ የዓሣ መረብ» አለ። ጋሼ አልደነገጡም። «መረብም ሊሆን ይችላል፤ ሥነ ጥበብ ለትርጓሜ ክፍት ነው» አሉና ወደ ሁለተኛው ነጥብ ሐ ተሻገሩ።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ልጃገረዶች ስለሚከፍሉት የቤት ኪራይ በተደረገው ውይይት ላይም አላሳፈሩንም። ፓርኩ የተመረቀው በ2008 ዓ.ም. መሆኑን አስታውሰው፣ ፍቼ ጨምበላላም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በዚያው ዓመት መሆኑን ካስገነዘቡ በኋላ «ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም» አሉ። በምን ምክንያት እንደሆነ አልነገሩንም፤ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ሳይሆን አይቀርም። አንዲት ሠራተኛ ከኋላ ተነሥታ አንዷን ክፍል ለአራት ተከራይተው በፈረቃ እንደሚተኙባት መናገር ስትጀምር የመድረኩ መሪ ጊዜው መጣበቡን አሳሰበ። ጋሼ ልጅቷን በሐዘኔታ አይተው «ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል» አሉ። የጫቱም፣ የቲያትሩ መዳከምም፣ የባጃጁ ታሪፍም መድኃኒቱ ይኸው ነው።

ከሁሉ የረቀቁት ግን ፍቼ ሊቃረብ ሰሞን በተዘጋጀ መድረክ ላይ ነበር። የበዓሉ ቀን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ካላንደር አይነበብም፤ አያንቶዎች የከዋክብትን አካሄድ ተመልክተው ይለዩታል፣ ከዚያም ለጎሣዎቹ ይታወጃል። አዘጋጆቹ ይህንኑ ከባለቤቱ አፍ ለማሰማት አንድ አያንቶ አዛውንት ከገጠር አስመጥተው ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠዋል፤ ከኋላ ደግሞ እናቶች ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራውን ቡርሳሜ በሸክላው ገበታ፣ በሻፌታ፣ አድርገው ይጠብቃሉ። አዛውንቱ በሲዳምኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው አስተርጓሚው ገና አንዱን እንደመለሰ የጋሼ እጅ ተነሣ። ከጋብቻዋ በኋላ በየዓመቱ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን ትጠይቅ ስለነበረችው ሴት የሚነገረውን አፈ ታሪክ መነሻ አድርገው ስለ «መጋራት ፍልስፍና» ለአርባ ደቂቃ ሲያብራሩ፣ የሚጋሩት ምግብ ከአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቀዘቀዘ፤ ቅቤው በሻፌታው ጠርዝ መርጋቱን ከተቀመጥሁበት አየሁ። ቀጥለው የጎሣ መሪዎች በበዓሉ ሕዝቡን የሚመክሩትን ዘረዘሩ፤ ጠንክሮ መሥራትን፣ ሀገር በቀል ዛፍ አለመቁረጥን፣ በሐሰት አለመመስከርን። ሽማግሌ ማክበርን ሲጠቅሱ እጃቸውን ወደ አያንቶው ዘረጉ፤ አዛውንቱ ተራቸው የደረሰ መስሏቸው ብድግ ሲሉ ጋሼ ቀጠሉ።

ሲመሽ አዛውንቱ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። ጋሼ በር ላይ ደረሱባቸውና፣ በማውቃቸው ዘመን ሁሉ ከአፋቸው የሰማሁት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፣ «ለመሆኑ አባባ፣ ዘንድሮ ፍቼ መቼ ይውላል?» አሏቸው።

አዛውንቱ ቀና ብለው ከሐይቁ በላይ ያንዣበበውን ደመና ተመለከቱ። «ገና አላየነውም» አሉ በአስተርጓሚው በኩል።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።